የጓሮው አሸዋ

ርዕሰ መምህርቷ ሞታ የተገኘችው ጓሮው ጥግ፣ ውሻዋ እንዲጸዳዳበት ብላ በገዛ እጇ ባሰናዳችው አሸዋ ላይ ነው። በደረቷ ተደፍታለች። ግንባሯ አሸዋው እንዳይፈስ ዙሪያውን በተደረደረው የድንጋይ ጠርዝ ላይ አርፏል። ከቀኝ እጇ ሥር ትንሽ አካፋ ወድቋል፤ በግራ እጇ አንጓ ላይ የውሻ ማሰሪያ ተጠምጥሟል። ከማሰሪያው ጫፍ ላይ ግን ውሻ የለም። ጓዴ የሚሉት ትልቁ ቡናማ ውሻ ከእግሯ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ፣ ድምፁ እስኪዘጋ አላዝኖ አላዝኖ፣ አሁን የሚመጣውን የሚሄደውን ሰው ዝም ብሎ ያያል።

«አዳልጧት ነው» አለ ሳጅኑ። «ድንጋዩ ጤዛ አለበት። ጠዋት ውሻዋን ልታጸዳዳ ወጣች፣ አዳለጣት፣ አለቀ። ሰው እንዲህም ይሞታል፣ አለቃ።»

መርማሪዋ ጉልበቷ ስለሚያማት ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ ብላ ቁጭ አለች። በሥራው ላይ ያረጀች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማትናገር ሴት ናት። አንድ ጉድለት አለባት፤ አንድ ክፉ ሕመም ከያዛት ወዲህ ማሽተት አትችልም። ሽታ ሲያስፈልጋት የሳጅኑን አፍንጫ ትዋሳለች።

«እዚህ ምን ይሸትሃል?»

«ምንም። የውሻ ሽንት ቤት ነው ባይሉኝ አላውቅም ነበር። የእኔ ቤት እንኳ እንዲህ አይጸዳም።»

እውነቱን ነው። አሸዋው በመፋቂያ ተበጥሯል። መስመሮቹ ሬሳው ከወደቀበት፣ የሰውና የውሻው ኮቴ ካረፈበት በቀር አልተነኩም። አካፋው ደረቅና ንጹሕ ነው።

«ውሻው ከማለዳ ጀምሮ እዚህ ነው አይደል?» አለች።

«ጎህ ሲቀድ ነው አሉ ማላዘን የጀመረው።»

«እንግዲያውስ የት ተጸዳዳ?»

ሳጅኑ ሊስቅ ብሎ ፊቷን አየና ተወው። «ሰው ሞቶ የውሻ ኩስ እንፈልግ ልትይኝ ነው?»

«ፈልግ። ሣሩ ውስጥ፣ አበባው ሥር፣ አጥሩ ዳር። ውሻ ሌሊቱን ይዞት አድሮ ጠዋት ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚያደርገው ያንን ነው።»

ሳጅኑ ጓሮውን ከዳር እስከ ዳር አሰሰው። አንድም ነገር አላገኘም።

አስከሬኑን ያየው ሐኪም ጓንቱን እያወለቀ መጣ። «ሌሊቱ ብርድ ነበር፤ መቼ እንደሞተች ከምርመራው በፊት አፌን ሞልቼ አልናገርም። ግን ጣቶቿን እዪያቸው። ጥፍሮቿ ውስጥ አሸዋ ሞልቷል። እንደወደቀች አልሞተችም፤ ለመነሣት ሞክራለች።»

መርማሪዋ በሟቿ ጣቶች የተቧጠጠውን አሸዋ አየችው። ሴትዮዋ የሞከረችው ወደ ቤቱ በኩል ለመንፏቀቅ ነው። ከዚያ ደግሞ ቤቱን አየችው። የጓሮው በር ተዘግቶ ነበር።

*

ቤቱ የወንድምና የእኅት ነው፤ ከወላጆቻቸው የወረሱት። ወንድምየው ፋርማሲስት ነው፤ ዋናው መንገድ ላይ የራሱ መድኃኒት ቤት አለው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የሙሽራ ልብስ ላይ ስሟ የተጠራ። እኅትየው፣ ማለትም ርዕሰ መምህርቷ፣ ሳታገባ፣ ዕድሜዋን በሌላ ሰው ልጆች ላይ አፍስሳ ጡረታ የወጣች ናት። ልጅ ማሳደግ ቢቀርባት ውሻ አሳደገች።

ፋርማሲስቱ ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ጠበቃት። ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ጺሙ ተላጭቷል። ሐዘንተኛ ስለሆነ ማንም ለምን እንዲህ ለበስክ አይለውም፤ እሷ ግን አየችው።

«ማታ እንደ ልማዷ ውሻዋን አወጣች፣ አጸዳዳችው፣ መለሰችው» አለ። «ደህና እደር ብላኝ ክፍሏ ገባች። ጠዋት ገና አልጋ ላይ ሆኜ የጓሮው በር ሲከፈት ሰማሁ። ቀጥሎ የሰማሁት የውሻውን ማላዘን ነው።»

«በሩን የከፈተችው እሷ መሆኗን በምን አወቁ?»

«ሌላ ማን ይሆናል? እዚህ ቤት ውሻ የሚያስጸዳዳ እሷ ብቻ ናት። እኔ አልደርስበትም።»

«ውሻ አይወዱም?»

«ንጽሕና እወዳለሁ። ቡችላ ሳለ ምንጣፉን ሁሉ ሲያበላሽብን ሁለተኛ ቤት ውስጥ ካቆሸሸ አስወስደዋለሁ አልኳት። ቀልድ እንዳልሆነ ታውቃለች። ከዚያ በኋላ በዚያ ማሰሪያ እየጎተተች አሸዋው ላይ እያቆመች አስተማረችው። አመለኛ ሰው ናት፤ የያዘችውን አትለቅም።» እንደዘነጋ ሰው ትንሽ ቆየና አረመው። «ነበረች።»

ከሳሎን ወደ ጓሮው በር የሚወስደው ኮሪደር ጠባብ ነው። ሳጅኑ ገና ሲገባ አፍንጫውን ያዘ። «በረኪና። ዓይን ያቃጥላል።»

በሩ ሥር ወለሉ ላይ አራት ማዕዘን የሆነ፣ ከሌላው ነጣ ያለ ቦታ አለ፤ ምንጣፍ ሲነጠፍበት የኖረ። ምንጣፉ የለም። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የበሩን ውስጠኛ ገጽ በጣቷ ዳበሰችው። ቀለሙ ከታች በኩል ተፋፍቆ እንጨቱ ወጥቷል። ስንጣሪው ገና ትኩስ ነው። ያ ሁሉ ጥፍር ምን ያህል ጊዜ ቢቧጥጥ ነው እንዲህ የሚሆነው ብላ አሰበች።

ምንጣፉን ልብስ ማስጫው ላይ፣ በአንሶላ ተሸፍኖ፣ ውሃ እያንጠባጠበ አገኙት።

ልብስ ሰፊዋ ሥራ ክፍሏ ውስጥ ነበረች። ነጭ የሙሽራ ቀሚስ ራስ በሌለው የልብስ መለኪያ አሻንጉሊት ላይ ቆሟል፤ እሷ ደግሞ ከእሱ ጀርባ እንደተሸሸገች ያህል ተቀምጣለች። የጣቶቿ መገጣጠሚያ ቀልቷል።

«ማታ የት ነበርሽ፣ እኅቴ?»

«ደንበኛዬ ቤት ልብስ ልለካ ሄጄ ነበር። ስመለስ መሽቷል። እትዬን አላየኋቸውም፤ ተኝታለች አለኝ ባለቤቴ።»

«ውሻውስ?»

«ኮሪደር ነበር። በሩን ይቧጥጣል፣ ያለቅሳል። ላውጣው ስል፣ 'አውጥታዋለች፣ ቅብጠት ነው፣ ተይው' አለኝ። ተውኩት።»

«ጠዋትስ?»

ልብስ ሰፊዋ የቀሚሱን ጫፍ አነሣች፣ መልሳ ለቀቀችው። «ተኝቼ ነበር» አለች።

መርማሪዋ አልገፋቻትም። ሰው ሲዋሽ ከማን እንደሚሸሽ ማወቅ ከውሸቱ ይበልጣል ትል ነበር፤ ይቺ ሴት ደግሞ በተናገረች ቁጥር የምታየው በሩን ነው እንጂ ፖሊሶቹን አይደለም።

*

የጎረቤቱ ቤት ባለቤት ጡረታ የወጣ ዳኛ ነው። ሠፈሩ ሁሉ የሚያወራለት ነገር አለ፤ ውሻውን እመርዘዋለሁ ብሏል።

«ብያለሁ» አለ ዳኛው፣ በረንዳው ላይ ወንበር እየሳበላት። «ሲሸተኝ ብያለሁ። ሰው ሲናደድ ያልሆነውን ይላል። እሷ ግን በማግስቱ አጥር ላይ መጥታ ምን አለችኝ መሰለሽ? 'ትክክል ነዎት፣ ስሕተቱ የእኔ ነው' አለችኝ። በሙሉ የዳኝነት ዘመኔ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። ከዚያ ያን አሸዋ አስመጣች። ጠዋትና ማታ እያነሣች ክዳን ያለው በርሜል ውስጥ ትጥላለች፣ በላዩ ውሃ ታፈስበታለች። ሽታው ጠፋ፤ እኔም አፌን ዘጋሁ።»

«ስታወጣው ያዩዋት ነበር?»

«ምን ሥራ አለኝ? አያለሁ። መጀመሪያ ብቻዋን ወጥታ አሸዋውን ትበጥራለች። ከዚያ በሩን ከፍታ 'ና' ትለዋለች። አሸዋው ላይ ሲቆም 'ጨርስ' ትለዋለች፤ ይጨርሳል። ብስኩት ትሰጠዋለች። የእኔ ልጆች እንኳ እንዲህ አልታዘዙኝም።»

«ማሰሪያውንስ መቼ ትፈታለታለች?»

«የምን ማሰሪያ? እሱ ቡችላ ሳለ ነው። ጸባዩ ከተስተካከለ ወዲህ ለመንገድ ካልሆነ አታስረውም።»

መርማሪዋ በአጥሩ ላይ አሻግራ አሸዋውን አየችው። «ትናንት ማታስ 'ጨርስ' ስትል ሰሙ?»

ዳኛው መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። «አልሰማሁም። ሲመሽ ዓይኔ አያይልኝም እንጂ እዚሁ ነበርኩ። ውሻው ግን ቤት ውስጥ ሆኖ ሲጮህ፣ በር ሲቧጥጥ አመሸ። ዝም አሰኙት ብዬ ልጣራ አልኩና፣ ዛሬ ደግሞ አታስቀይማቸው ብዬ ተውኩት።»

የቤቱ አትክልተኛ፣ ሣሩ በውሻ ሽንት ተቃጥሎብኝ ነበር እያለ ከሟቿ ጋር ሲነታረክ የኖረ ሽማግሌ፣ የአጥሩን ተክል እየቆረጠ ነበር።

«ተጣልታችሁ ነበር ይባላል፣ አባባ።»

«የሣር ጠብ ነው ልጄ። የሣር ጠብ ሰው አይገድልም።»

«ትናንት ሲሄዱ ያዩት ነገር አለ?»

ሽማግሌው መቁረጫውን አስቀመጠ። «አላየሁም፤ ሰምቻለሁ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዕቃዬን አጥቤ ልወጣ ስል ከአሸዋው በኩል ድምፅዋ መጣ። 'ራስህ ሂድና ንገራት። ዛሬ ካልነገርካት ነገ እኔ እነግራታለሁ' ትላለች። የሚመልስላት ግን አልነበረም። ዝምታ ብቻ። የቤት ገመና ነው ብዬ ሹልክ አልኩ።»

«አንተ ያለችው ማንን ነው?»

«ያላየሁትን አየሁ አልልም» አለ ሽማግሌው።

*

ሳጅኑ የበርሜሉን ክዳን ሲያነሣ ሦስት እርምጃ ወደኋላ ተወረወረ። «እባክሽ አለቃ፣ ይሄን ሌላ ሰው ያድርገው።»

«ለአንድ ቀን እንኳ ሕመሜ ይጥቀመኝ» አለች መርማሪዋ፣ ጓንት እያጠለቀች።

ሌላ ሰው እጁን የማይሰድበት ቦታ ነው፤ የመረጠውም ሰው ይህን አስቦ ነበር። ከሁሉ በላይ፣ የትናንት ጠዋቱ ቆሻሻ ላይ፣ ሁለት ጊዜ የተቋጠረ ፌስታል ተቀምጧል። ውስጡ በግማሽ የቀረ የሽሮፕ ጠርሙስ አለ። በላዩ የመድኃኒት ቤቱ ወረቀት ተለጥፏል፤ የአንድ ሕፃን ስም፣ ቀጥሎ «ጠዋትና ማታ አንድ የሻይ ማንኪያ»። መርማሪዋ የወረቀቱን ጥግ በጥፍሯ ቀስ ብላ ላጠችው። ከሥሩ በቀይ ቀለም «ለአዋቂ ብቻ» የሚል የፋብሪካ ጽሑፍ ወጣ።

«የዚህን ሕፃን ቤት ፈልግልኝ» አለችው ሳጅኑን። «እስክትመለስ ድረስ ማንም ከዚህ ቤት አይወጣም።»

*

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ጓሮ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ፋርማሲስቱ ከሚስቱ አጠገብ ቆመ፤ ዳኛው ከዘራውን ተደግፎ፣ አትክልተኛው ኮፍያውን በእጁ ይዞ። አስከሬኑ ተነሥቷል፤ አሸዋው ላይ የተቧጠጠው ቦታ ግን እንዳለ ነው። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ሊዘንብም ላይዘንብም ይመስላል።

«ይህን ሞት የያዝኩት በአንድ ጥያቄ ነው» አለች። «ጓዴ ዛሬ ጠዋት የት ተጸዳዳ? ጓሮ ውስጥ አልተጸዳዳም። ቤት ውስጥ ነው እንዳልል፣ በሥርዓት ያደገ ውሻ ነው። ኮሪደሩ ግን በረኪና ይሸታል፣ ምንጣፉም ታጥቧል።» ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረች። «እኅቴ፣ ምንጣፉን ለምን አጠብሽው?»

ልብስ ሰፊዋ ባሏን አየች። ፊቱ ላይ ያለው ግራ መጋባት እውነተኛ ነበር፤ ስለ ምንጣፉ የሚያውቀው ነገር የለም።

«ንገሪኝ፤ እዚህ የሚቆጣሽ የለም።»

«ጎህ ሳይቀድ ልሰፋ ተነሣሁ» አለች ቀስ ብላ። «ጓዴ በሩ ሥር አቆሽሾ፣ ጥግ ይዞ ተሸማቆ አገኘሁት። አንተ ካየኸው ታስወስደዋለህ ብዬ ፈራሁ። በሩን ከፍቼ አስወጣሁት፣ ዘጋሁበት፣ ምንጣፉን አጠብኩት። ከዚያ ሲያላዝን ሰማሁ።» «እትዬ በር ሲከፈት ሰምተው ተከትለው የወጡ መሰለኝ። እኔ በሩን ባልከፍት ኖሮ አይወጡም ነበር፣ አይወድቁም ነበር እያልኩ ነው የዋልኩት።»

«አንቺ በሩን ስትከፍቺ እሳቸው ከሞቱ ቆይቷል» አለች መርማሪዋ። «ውሻው ታሞ ነበር?»

«የለም። ጤነኛ ነው፤ እንደ ወትሮው ነው ያደረገው። ብቻ ብዙ ነበር።»

«ጤነኛ ውሻ፣ ማታ ወጥቶ የተጸዳዳ፣ ሌሊቱን ይችላል። በር እስኪሰነጠቅ የሚቧጥጠውና በመጨረሻ የሚለቀው ያላወጡት ውሻ ነው። ጓዴ ትናንት ማታ አልወጣም። ዳኛው በረንዳቸው ላይ ሆነው 'ጨርስ' ስትል አልሰሟትም። አወጣችው፣ መለሰችው፣ ደህና እደር ብላኝ ተኛች ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ማንም ወደ ፋርማሲስቱ ዞሮ አላየም። ግን ሚስቱ ሳታውቀው አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለች።

«ተሳስቼ ይሆናላ» አለ። «ሰው ቀኑ ይምታታበታል።»

«ይምታታል። ማሰሪያው ግን አለ። ጠዋት ልታጸዳዳው ወጣች ለማሰኘት እጇ ላይ ጠመጠሙት። ጓሮ ውስጥ ማሰሪያ መጠቀም ካቆመች ቆይታለች። ሚስትዎ ያውቃሉ፣ ዳኛው ያውቃሉ፣ አትክልተኛው ያውቃሉ። ከዚህ ቤት ሰው ውሻው ሲጸዳዳ ጨርሶ የማይደርስበት፣ የሚያስታውሰውም የቡችላነቱን ዘመን ብቻ የሆነ፣ እርስዎ ነዎት። ጠዋት በር ሲከፈት ሲሰሙ እኅትዎ እንዳልሆነች እያወቁ፣ የታሪክዎ ቀዳዳ በራሱ ጊዜ ስለተደፈነ ዝም አሉ። ምንጣፉን አይተውት ቢሆን ኖሮ 'ማታ ወጥቷል' አይሉኝም ነበር። ሚስትዎ የደበቁብዎ ስለሚፈሩዎ ነው።»

ከዚያ ጠርሙሱን አወጣች።

ፋርማሲስቱ ሲያየው ትከሻው ወረደ።

«የአዋቂ መድኃኒት ከመደርደሪያ አንሥተው፣ የሕፃን ትእዛዝ ማስጠንቀቂያው ላይ ለጠፉበት። ስሕተት ነበር፤ ተንኮል አልነበረም። ሕፃኑ ሞተ። እናትየው የእኅትዎ ተማሪ ነበረች። እኅትዎ ለቅሶ ሊደርሱ ሄደው ጠርሙሱን አዩና ለምነው ይዘውት መጡ። ለሳጅኑ እናትየው ራሷ ነግራዋለች። ትናንት ማታ፣ አሸዋውን በጥረው ውሻውን ሳይጠሩት በፊት፣ እዚህ ቆመው 'ራስህ ንገራት' አሉዎ።»

ንፋሱ ተክሉን አወዛወዘው። ፋርማሲስቱ ዓይኑ ከአሸዋው አልተነቀለም።

«ጊዜ ስጪኝ ነው ያልኳት» አለ። «ጠርሙሱን አምጪ ስላት ኪሷን ያዘች። ገፋ ነው ያደረግኳት። ድንጋዩን አላየሁትም።»

«ስትወድቅ አልሞተችም ነበር።»

«ስሜን ትጠራ ነበር» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። «ድምፅዋ አይጎላም። ውሻው ግን ይሰማታል መሰለኝ፣ ያብዳል። ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ትንሽ ቆይቼ ስመለስ አትጠራም ነበር።»

ዳኛው ከዘራውን ይዞ አጥሩ ላይ ተደገፈ። «ሲጮህ ሰምቼዋለሁ» አለ። «እዚያው ቁጭ ብዬ ሰምቼዋለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ባሏ በካቴና ሲታሰር አላለቀሰችም። ሳጅኑ ይዞት ሲያልፍ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። «እኔ ስመጣ በሕይወት ነበሩ?»

እሱ አላወቀም። ወይም ማወቁን አልተናገረም።

*

የሕፃኑ እናት ቤት ከመድኃኒት ቤቱ ብዙም አይርቅም። ቀን ስለ ጠርሙሱ ብቻ ጠይቆ የተመለሰው ሳጅን እኔ ልሂድ ቢላት መርማሪዋ እምቢ አለች። ጉልበቷን እየጎተተች ደረጃውን ብቻዋን ወጣች።

በሩን የከፈተችላት ገና ልጅ የሆነች ሴት ናት። ዓይኗ ጎድጉዷል። ከኋላዋ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ አንዲት የሻይ ማንኪያ ብቻዋን ተቀምጣለች። ፖሊስ መሆኗን ስትሰማ አልደነገጠችም፤ ሲጠብቁት የኖሩት እንግዳ እንደመጣ ያህል ወደ ውስጥ አሳየቻት።

«ይዘውኝ ሊሄዱ ነው?» አለች። «እኔ ነኝ የለካሁት። ማንኪያው ሞልቶ ፈስሶ እንደሆነ፣ ሁለቴ ሰጥቼው እንደሆነ እያልኩ ሌሊቱን ሁሉ አስባለሁ። መምህሬን ጠይቄያቸው ነበር። 'ነገ መጥቼ እነግርሻለሁ' አሉኝ። አልመጡም።»

«እሳቸው ናቸው የላኩኝ» አለች መርማሪዋ። እንዲህ ያለ ነገር በሥራዋ ላይ ተናግራ አታውቅም። «አንቺ በትክክል ነው የለካሽው። የተሰጠሽ መድኃኒት ነው ስሕተቱ፤ የሰጠሽም ሰው ተይዟል። ከአንቺ የጎደለ ነገር የለም።»

ሴትዮዋ ደጋግማ እንድትነግራት ጠየቀቻት። መርማሪዋ ደጋግማ ነገረቻት፤ አንድ ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ። ሴትዮዋ በመጨረሻ በሩን እንደተደገፈች ተንሸራታ ደፉ ላይ ተቀመጠች፤ ልጇ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለልጇ ብቻ አለቀሰች። መርማሪዋም ጉልበቷን አጥፋ አጠገቧ ተቀመጠች፤ እስክትረጋጋ ድረስ አልተነሣችም።